ጥርት ያለ ፎቶ ለሚፈልግ ገዢ፦ አራት ትንንሽ ሚረርለስ ካሜራዎች በንጽጽር

ሶኒ ኤ6400፣ ካኖን ኢኦኤስ አር50፣ ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ10 እና ኦኤም ሲስተም ኦኤም-5 ከነባትሪያቸውና ከነካርዳቸው ከግማሽ ኪሎ በታች የሚመዝኑ፣ ሌንስ የሚቀየርላቸው፣ ሚረርለስ የሚባሉ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች ናቸው። ትራይፖድ ላይ ታስረው፣ ደህና ሌንስ ተገጥሞላቸው፣ አፐርቸራቸው (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 5.6 ላይ ሆኖ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ቢያነሱ፣ ይህ ፎቶ የዚህኛው ነው ብሎ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ልዩነታቸው የሚወጣው ካሜራው በእጅ ሲያዝ፣ ብርሃኑ ሲደክም፣ የሚነሳው ሰው አልቆም ሲል ነው። እዚህም የሚመዘኑት በዚያው ነው፦ የትኛው ካሜራ፣ ከየትኛው ሌንስ ጋር፣ ብዥ ያለ ፎቶ ይዞ ከመመለስ ያድናል?

አራቱም አዲስ ምርት አይደሉም። ኤ6400 እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኤክስ-ኤስ10 በ2020፣ ኦኤም-5 በ2022፣ አር50 በ2023 የወጡ ናቸው። ለሁለቱ ተተኪ መጥቶላቸዋል፤ ኤክስ-ኤስ20 በ2023፣ ኦኤም-5 ማርክ 2 በ2025። ተተኪዎቹ በፎከስና በአጠቃቀም በኩል ያሻሻሉት ነገር አለ፤ በሜጋፒክስል ግን ከቀዳሚዎቹ አልጨመሩም። ስለዚህ ቀዳሚውን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ሌንስ ላይ ማዋል ለፎቶው ጥራት የተሻለ ጥቅም ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ግልጽ ይሆናል።

ሜጋፒክስሉ ለጊዜው ይቆየን

ሻጭ ቀድሞ የሚጠራው ቁጥር ሜጋፒክስል ነው። ኤ6400 እና አር50 24.2፣ ኤክስ-ኤስ10 26.1፣ ኦኤም-5 20.4 አላቸው። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ርቀት ሰፊ ይመስላል እንጂ በፎቶው ስፋት ሲለካ 5184 ፒክስል ከ6240 ፒክስል ጋር ነው፤ 20 በመቶ ገደማ። ይህችን ብልጫ የእጅ መንቀጥቀጥ በቀላሉ ይበላታል። በኤ6400 ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ምስል በሚለውጠው ክፍል) ላይ የአንድ ፒክስል ስፋት 3.9 ማይክሮን ያህል ነው። 50 ሚ.ሜ. ሌንስ ተገጥሞለት ካሜራው 0.0045 ዲግሪ ብቻ ዘወር ቢል ምስሉ አንድ ሙሉ ፒክስል ይሸሻል። የማንሻውን ቁልፍ በችኮላ መጫን ብቻውን ከዚህ በላይ ያነቃንቀዋል።

የሴንሰሩ ስፋት ከሜጋፒክስሉ ይልቅ ክብደት አለው፤ ያም ቢሆን የሚወራለትን ያህል አይደለም። ሶኒውና ፉጂው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን 23.5 በ15.6 ሚ.ሜ. ሴንሰር ይጠቀማሉ፤ የካኖኑ ኤፒኤስ-ሲ አነስ ብሎ 22.3 በ14.9 ሚ.ሜ. ነው። ኦኤም-5 ማይክሮ ፎር ሰርድስ በሚባለው 17.4 በ13 ሚ.ሜ. ሴንሰር ይሠራል። ትንሹ ሴንሰር በደካማ ብርሃን ቀድሞ ኖይዝ (ፎቶውን የሚያበላሽ ነጠብጣብ) ያሳያል፤ ጉዳቱ ግን አንድ ስቶፕ እንኳ አይሞላም። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ያለው ልዩነት ነው። በሰንጠረዥ ላይ ሴንሰር ከሴንሰር ብቻ የሚያወዳድር ሰው የሚስተው፣ አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ከዚህ የበለጠ ልዩነት ማምጣቱን ነው። አር50 ላይ የሚመጣው 18-45 ሚ.ሜ. ዙም ጫፉ ላይ ሲደርስ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም። ለኦኤም-5 የሚሆነው 12-45 ሚ.ሜ. ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 4 ነው። ከኤፍ 6.3 ይልቅ ኤፍ 4 ሁለት ዕጥፍ ተኩል ብርሃን ያስገባል። ስለዚህ ካሜራዎቹ ከነሌንሳቸው ሲወጡ፣ ትልቅ ሴንሰር ያለው አር50 በጫፉ ላይ አይኤስኦውን (የሴንሰሩን የብርሃን ስሜት መጠን) ከትንሹ ካሜራ በላይ ለመጨመር ይገደዳል።

ማረጋጊያው የት ነው ያለው?

ኤክስ-ኤስ10 እና ኦኤም-5 ሴንሰሩን ራሱን እያንቀሳቀሱ የእጅን መንቀጥቀጥ ያካክሳሉ። ኤ6400 እና አር50 ይህ የላቸውም፤ የሚተማመኑት ሌንሱ ውስጥ ባለ ማረጋጊያ ነው። አብረዋቸው የሚሸጡት ትንንሽ ዙሞች፣ የሶኒው 16-50 እና የካኖኑ 18-45 ሚ.ሜ.፣ ማረጋጊያ አላቸው። ችግሩ የሚመጣው ገዢው የተሻለ ሌንስ ልግዛ ብሎ ሲነሳ ነው። ሲግማ 30 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.4፣ ሲግማ 18-50 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8፣ የካኖን አርኤፍ 50 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 የተመሰገኑ ሌንሶች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ማረጋጊያ የላቸውም። ኤ6400 ላይ ሲግማ 18-50 የገጠመ ሰው ከካሜራውም ከሌንሱም ምንም የማረጋጊያ ዕርዳታ አያገኝም። ሌንስ ቀይሮ ምሽት ላይ ከበፊቱ የባሰ ብዥታ የሚያይ ሰው፣ ሌንሱን ከመውቀሱ በፊት መጀመሪያ ይህን ይመርምር።

ፉጂፊልም ለኤክስ-ኤስ10 እስከ 6 ስቶፕ፣ ኦኤም ሲስተም ለኦኤም-5 እስከ 6.5 ስቶፕ ብለው አስታውቀዋል። ቁጥሩ እንደ ወረደ ከተወሰደ፣ ያለ ማረጋጊያ በሰከንድ 1/60ኛ የሚነሳው ፎቶ በ6 ስቶፕ ዕርዳታ አንድ ሙሉ ሰከንድ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው። ይህ ግን በመለኪያ ማሽን ላይ የተገኘ ውጤት ነው። ቆሞ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ የያዘ ሰው ከ3 እስከ 4 ስቶፕ ቢያስብ አያፍርም፤ 1/60ኛ ወደ 1/8ኛ ወይም 1/4ኛ ይወርዳል። ያም ቢሆን ሦስት አራቴ አከታትሎ አንስቶ የተሻለውን መምረጥ ነው።

ማረጋጊያ የማይሠራበት ቦታ አለ፤ ብዙ ገዢዎች ገንዘባቸውን የሚያጡትም እዚያ ላይ ነው። የሚነሳው ነገር ራሱ ሲንቀሳቀስ ማረጋጊያው ምንም አያደርግም። አንድ ሰው በተለመደ እርምጃ፣ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል፣ ከካሜራው 3 ሜትር ርቀት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ እናስብ። ኤ6400 ላይ ባለ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ በ1/60ኛ ሲነሳ ምስሉ ሴንሰሩ ላይ 100 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። በ1/250ኛ 24 ፒክስል፣ በ1/1000ኛ 6 ፒክስል ይሆናል። ወደ ካሜራው ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚንሸራተት 1/250ኛ ይበቃዋል። ልጆች ሲሯሯጡ ከ1/500ኛ በታች መውረድ ዕድልን መፈታተን ነው። ሥራው ልጆችን፣ ስፖርትን፣ ጭፈራን ማንሳት ለሆነ ሰው ሴንሰር የሚያንቀሳቅሰው ማረጋጊያ የሚከፈልለትን ዋጋ አይመልስም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሰፊ አፐርቸርና ፈጣን ፎከስ ነው። ቆመው የሚጠብቁ ነገሮችን፣ ሕንፃ፣ የቤት ውስጥ ዕቃ፣ የምሽት ከተማ ለሚያነሳ ሰው ግን ማረጋጊያው ከሁሉ ይቀድማል።

ካሜራዎቹ አንድ በአንድ

ኤ6400 403 ግራም ይመዝናል። ዕድሜው ቢገፋም ዓይንን ፈልጎ የሚይዘውና የሚከተለው ፎከሱ ዛሬም አያሳፍርም፤ 425 የፎከስ ነጥቦቹ የፍሬሙን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን አንድ ቅንብር መስተካከል አለበት። ኤኤፍ-ሲ በሚባለው የማያቋርጥ ፎከስ ላይ ካሜራው በፍጥነትና በፎከስ መካከል አመጣጥኖ እንዲሠራ ተደርጎ ይመጣል፤ ይህም ፎከሱ ገና ሳይጠናቀቅ ፎቶ እንዲነሳ ይፈቅድለታል። ሜኑው ውስጥ ፕራዮሪቲ ሴት ኢን ኤኤፍ-ሲ የሚለውን ወደ ኤኤፍ መለወጥ ያስፈልጋል። በሰከንድ የሚነሱት ፎቶዎች ቁጥር ትንሽ ይቀንሳል፤ የሚጣሉትም እንዲሁ ይቀንሳሉ። የእጅ መያዣው ቀጭን ነው፤ ከባድ ሌንስ ሲገጠም ጣት ይደክማል፣ የደከመ ጣት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከፊት ለፊት የሚዞር ጎማ ስለሌለው አፐርቸርና ፍጥነትን ለየብቻ መቀየር ለለመደ ሰው ያናድዳል። የሜኑው አደረጃጀት ደግሞ የሚወደድ አይደለም፤ የሚፈለጉትን ስድስት ሰባት ቅንብሮች በማይ ሜኑ ውስጥ ሰብስቦ ሌላውን መርሳት ይሻላል።

የሶኒው 16-50 ሚ.ሜ. ዙም 116 ግራም ብቻ ነው፤ ሲጠፋ ተሰብስቦ ኪስ ይገባል። ለዚህ ትንሽነት የሚከፈለው ዋጋ 16 ሚ.ሜ. ላይ ማዕዘኖቹ መፍዘዛቸው ነው። ሌንሱ የሚያጎብጠውን መስመር ካሜራው በሶፍትዌር ያቃናዋል፤ ሲያቃና ዳሩን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ነገር ደግሞ ጥርት አይልም። ከ20 ሚ.ሜ. ወዲያ በኤፍ 8 መጠቀም ብዙውን ጉድ ይሸፍናል። ማረጋጊያ ያለው፣ ለኤ6400 ከልብ የሚመከረው ዙም የሶኒው 18-135 ሚ.ሜ. ነው፤ 325 ግራም ይመዝናል፣ መሐሉም ዳሩም ከትንሹ ዙም በግልጽ የተሻለ ነው።

አር50 በ375 ግራም ከአራቱ ቀላሉ ነው፤ ለጀማሪም በጣም የሚመቸው እርሱ ነው። ሰውን፣ እንስሳንና ተሽከርካሪን ለይቶ ይከተላል፤ ብዙ ሳይነካኩት ፎከሱን ያገኛል። ሹተሩ (ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መጋረጃ) ግን ሙሉ መካኒካል አይደለም፤ ሲጀምር ኤሌክትሮኒክ፣ ሲዘጋ መካኒካል በሆነ መንገድ ወይም ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክ ይሠራል። ለጥራት ይህ መልካም ዜና ነው፤ ፎቶው ሊጀመር ሲል የሚነቃነቅ መጋረጃ ስለሌለ የሹተር ንዝረት አይኖርም። ችግር የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ በኤፍ 1.8 እና ከ1/2000ኛ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲነሳ ነው፤ ከጀርባ ያሉት የደበዘዙ የብርሃን ክቦች ተቆርጠው ግማሽ ይሆናሉ። ያኔ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ዘጋ አድርጎ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ነው። በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) አከታትሎ የሚያነሳ ሰው ማከማቻው ቶሎ ሞልቶ ካሜራው ይቆምበታል፤ በአጭር በአጭሩ ማንሳትን ይልመድ። 50 ሚ.ሜ. ሌንስ እዚህ ካሜራ ላይ እንደ 80 ሚ.ሜ. ስለሚጠብና ማረጋጊያም ስለሌለው ከ1/160ኛ በታች ባይወርዱ ይመረጣል። ለቤት ውስጥ የሚሻለው ማረጋጊያ ያለው አርኤፍ 35 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 ማክሮ ነው፤ 305 ግራም ቢመዝንም ካሜራው ያጣውን ይተካለታል። የሌንስ ምርጫው በመጀመሪያ ጠባብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ሲግማና ታምሮን ለዚህ መግጠሚያ ኦቶፎከስ ያላቸው ሌንሶች ማውጣት በመጀመራቸው ቅሬታው ቀንሷል።

ኤክስ-ኤስ10 465 ግራም ነው፤ ከአራቱ ከባዱ። ጥልቅ የእጅ መያዣው ግን ክብደቱን ያስረሳል፤ እጅን ሞልቶ የሚያዝ ካሜራ ራሱ አንድ ማረጋጊያ ነው። ደካማው ጎኑ የሚንቀሳቀስ ነገርን መከተል ላይ ነው፤ የሰው ፊትና ዓይን ያገኛል፣ ሰውየው ሲዞር ግን ከሶኒውና ከካኖኑ ቶሎ ይጠፋበታል። በጄፔግ የሚያነሱ ደግሞ አንድ ነገር ያስተካክሉ፦ ሃይ አይኤስኦ ኤንአር የሚባለው የኖይዝ ማጥፊያ በነባሪው የቆዳንና የጨርቅን ረቂቅ መልክ ይልሳል። ወደ -4 ሲወርድ ፎቶው ጥቂት ኖይዝ ይኖረዋል፣ ዝርዝሩ ግን ይመለሳል። በሮው የሚሠሩት የፉጂውን ፋይል በአንዳንድ ሶፍትዌር ሻርፕኒንግ (ጠርዝ ማጥሪያ) አብዝተው ሲጨምሩ ቅጠልና ሣር ላይ ትል የመሰለ መስመር ይወጣል፤ ይህ የሌንስ ችግር አይደለም፣ የኤክስ-ትራንስ ሴንሰሩ የቀለም አደራደር ከሶፍትዌሩ ጋር ስላልተስማማ ነው። ሻርፕኒንጉን መቀነስ ወይም ሌላ ሶፍትዌር መሞከር መድኃኒቱ ነው። ከሚሸጥባቸው ሌንሶች መካከል 15-45 ሚ.ሜ. ትንሹንና በሞተር የሚዞረውን ከመውሰድ 18-55 ሚ.ሜ. ኤፍ 2.8-4 ይመረጣል፤ ብርሃን ያስገባል፣ የራሱ ማረጋጊያም አለው።

ኦኤም-5 ነገረ ሥራው ሌላ ነው። 414 ግራም ሆኖ በአይፒ53 ደረጃ ከአቧራና ከዝናብ ፍንጣቂ የተጠበቀ ነው፤ ጥበቃው የሚሠራው ግን ሌንሱም የታሸገ ሲሆን ብቻ ነው። 12-45 ሚ.ሜ. ኤፍ 4 ፕሮ የተባለው ሌንስ 254 ግራም ይመዝናል፤ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንኳ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ጥርት ያለ ነው። በዚህ ክብደት ከአራቱ ስብስቦች ይህን ያህል የተስተካከለ ዙም የለም ብል አላጋነንኩም። ካሜራው ብዙ ፎቶዎችን አከታትሎ አንስቶ በማዋሃድ በእጅ 50፣ በትራይፖድ 80 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሠራል። ይህ ለቆመ ነገር እንጂ ነፋስ ለሚያወዛውዘው ዛፍ አይሆንም፤ የተንቀሳቀሰው ቦታ ይበላሻል። ፎከሱ ለቆመ ነገር ፈጣንና ትክክለኛ ነው። ለሚሮጥ ሰው ግን ከአራቱ የመጨረሻው ነው። እንዲህ ባለ ካሜራ ላይ የድሮውን ማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ ማየትም ያበሳጫል፤ ማርክ 2 ይህን አስተካክሏል።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ይሄዳል። ለሚንቀሳቀስ ሰው ኤ6400፣ ገንዘቡ ካልፈቀደ አር50። ለጉዞ፣ ለተራራ፣ ለዝናብ፣ ለምሽት ከተማ ኦኤም-5። ሁለቱንም በመጠኑ ለሚፈልግና ለወደፊቱ ማረጋጊያ የሌላቸውን ሌንሶች መግዛት ለሚያስብ ኤክስ-ኤስ10። አንዱን ብቻ ምረጥ የተባለ ሰው ኤክስ-ኤስ10ን ከ18-55 ጋር ቢወስድ የሚቆጭበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሩጫ ፎቶ ዋና ሥራው ካልሆነ በቀር።

ብዥታው ከየት መጣ?

አዲስ ካሜራ ገዝቶ ፎቶው ጥርት ያላለለት ሰው ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልቶ ይመልከት፤ ብዥታው ራሱ ምንጩን ይናገራል። የፍሬሙ ሁሉም ክፍል ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ፣ እያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ ትንሽ ሰረዝ ከሆነች፣ እጅ ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ከተሳበ ፍጥነቱ አንሷል። ሰውየው ደብዝዞ ከኋላው ያለው መጋረጃ ወይም ከፊቱ ያለው ጠረጴዛ ጥርት ካለ ፎከሱ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሁሉም ነገር በስሱ የፈዘዘ፣ ጥቁሩም ግራጫ የሆነ እንደሆነ ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ ወይም ርካሽ ፊልተር ይፈለግ።

የፎከስ ስህተት በሚረርለስ ካሜራ ላይ ከድሮዎቹ ይለያል። ፎከሱ የሚለካው ፎቶውን በሚያነሳው ሴንሰር ላይ ስለሆነ፣ በመስታወት ካሜራዎች ዘመን እንደነበረው ሌንስና ካሜራን የማስማማት ጣጣ የለም። የቀረው ስህተት የአንሺው ነው። ዋነኛው ፎከስን መሐል ላይ ይዞ ካሜራውን ማዞር ነው። 50 ሚ.ሜ. በኤፍ 1.8፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ጥርት የሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ከዓይኑ ወዲህ 3፣ ወዲያ 3። ዓይኑ ላይ ፎከስ ይዘው ካሜራውን 15 ዲግሪ ቢያዞሩ የፎከሱ ንጣፍ ከዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያልፋል። ጆሮ ጥርት ብሎ ዓይን ይደበዝዛል። መፍትሔው የዓይን ፎከስን አብርቶ ፍሬሙን አስቀድሞ ማስተካከል፣ ወይም የፎከስ ነጥቡን ራሱን ወደሚፈለገው ቦታ መውሰድ ነው።

የሹተር ንዝረት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። መካኒካል ሹተር ሲከፈት የሚፈጥረው ትንሽ ግጭት፣ በቀላል ካሜራና በቀላል ሌንስ ላይ፣ ከ1/60ኛ እስከ 1/250ኛ ባለው ክልል ምስሉን ድርብ ያስመስለዋል። ኤ6400 ላይ ኢ-ፍሮንት ከርተን ሹተር የሚለው፣ ኤክስ-ኤስ10 ላይ የሹተር ዓይነት ወደ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንት ከርተን፣ ኦኤም-5 ላይ አንቲ-ሾክ ወደ 0 ሰከንድ ሲደረግ ችግሩ ይጠፋል። ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሹተርም ንዝረት የለውም፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ከላይ ወደ ታች እየተነበበ ስለሚሄድ የሚሮጥ ነገር ይጣመማል። በኤልኢዲና በፍሎረሰንት መብራት ሥር ደግሞ አግድም ጥቁር ጥቁር መስመር ያወጣል። መብራቱ በ50 ኸርዝ በሚሠራበት አገር 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ፣ በ60 ኸርዝ በሚሠራበት 1/60ኛ ወይም 1/120ኛ ላይ መስመሩ ይቀንሳል።

አፐርቸርን ከልክ በላይ መዝጋት ሌላው ጣጣ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ አንዲት ነጥብ ክብ ትሆናለች። በኤፍ 8 የዚያ ክብ ስፋት 11 ማይክሮን ያህል፣ በኤፍ 16 ደግሞ 21 ማይክሮን ያህል ነው። የእነዚህ ካሜራዎች ፒክስል ከ3.4 እስከ 3.9 ማይክሮን መሆኑን ሲያስቡት፣ ኤፍ 16 ላይ ምን እንደሚጠፋ ግልጽ ነው። በኤፒኤስ-ሲዎቹ ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8፣ በኦኤም-5 ከኤፍ 4 እስከ ኤፍ 5.6 ጥሩው ክልል ነው። ኤፍ 11 ለገጽታ ፎቶ ይታገሡታል።

ከመጀመሪያው ቀን የሚስተካከለው

አይኤስኦውን በኦቶ ላይ አድርጎ ዝቅተኛውን ፍጥነት ለካሜራው መንገር ከሁሉ በላይ ፎቶ ያድናል። ካሜራዎቹ ለራሳቸው ሲተዉ በደካማ ብርሃን ወደ 1/60ኛ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳሉ፤ ለቆመ ነገር ይሆናል፣ ለሰው አይሆንም። ኤ6400 ላይ አይኤስኦ ኦቶ ሚኒመም ኤስኤስ የሚባለው ውስጥ 1/250ኛን መምረጥ ወይም ፋስተር የሚለውን መውሰድ ይቻላል። ኤክስ-ኤስ10 ሦስት የኦቶ አይኤስኦ ቅንብሮችን በማኅደር ይይዛል፤ አንዱን በ1/60ኛ ለቆመ፣ አንዱን በ1/250ኛ ለሰው፣ አንዱን በ1/500ኛ ለልጅ መመደብ ነው። የአይኤስኦ ጣሪያው 6400 ላይ ቢቀመጥ ፍርሃት አያስፈልግም። ኖይዝ በሶፍትዌር ይቀነሳል፤ የተሳበ ፊት ግን አይመለስም።

ትራይፖድ ላይ ማረጋጊያውን ማጥፋት፣ ማንሻውን በ2 ሰከንድ መዘግየት መጠቀም። በእጅ ሲያነሱ ሦስት አራት አከታትሎ መተኮስ፤ ቁልፉ ሲጫንና ሲለቀቅ ካሜራው ስለሚነቃነቅ መሐል ላይ ያሉት ብዙውን ጊዜ ይሻላሉ። ቪውፋይንደሩ (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት) ለዓይን ካልተስተካከለ ሁሉም ነገር የደበዘዘ ይመስላል፤ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በውስጡ ያሉት ፊደላት እስኪጠሩ ማዞር በቂ ነው። በሞቃት ቀን ሩቅ ነገር በረጅም ሌንስ ሲነሳ መሬት የሚያወጣው የሙቀት ሞገድ ምስሉን ያንዘፈዝፈዋል፤ ለዚያ ምንም ሌንስ መድኃኒት የለውም፣ ማለዳ መምጣት ነው።

ሌንሱን መልሰው መስጠት ሳይዘገይ

አንድ ዓይነት ሌንሶች ሁሉ እኩል አይደሉም። ውስጥ ያሉት መስታወቶች በመሰብሰቢያው ላይ ጥቂት ዘንበል ካሉ አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ ይፈዝዛል፤ ርካሽ ዙሞች ላይ ይህ ይበዛል። ፍተሻው አድካሚ አይደለም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ማረጋጊያው ጠፍቶ፣ አይኤስኦ ዝቅተኛው ላይ፣ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይሁን። ግድግዳ ማንሳት የተለመደ ነው፤ ካሜራው ለግድግዳው ትክክለኛ ትይዩ ካልሆነ ግን ያልተበላሸን ሌንስ ያስወቅሳል። የሚሻለው ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ያለ፣ ብዙ ዝርዝር ያለው አንድ ነገር መርጦ፣ መሐል ላይ ፎከስ አድርጎ ፎከሱን ወደ ማኑዋል በመቀየር መቆለፍ ነው። ከዚያ ካሜራውን እያዞሩ ያንኑ ነገር በአራቱም ማዕዘን ላይ አድርጎ አራት ፎቶ ማንሳት፤ ዙም ከሆነ በሰፊው፣ በመሐሉና በጠባቡ ጫፍ መድገም። አራቱን መቶ በመቶ አጉልቶ ጎን ለጎን ማየት። አራቱም እኩል ከፈዘዙ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ ሁለት ስቶፕ ሲዘጋ አብዛኛው ይቃናል። አንዱ ከሦስቱ ተለይቶ ከፈዘዘና በኤፍ 8 እንኳ ካልተስተካከለ ሌንሱ የተዛባ ነው፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይቀየር።